ከመጣያ የተረፉ ገጾች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1767 አንድ ሕፃን ለንደን ውስጥ ለነበረው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ተሰጠ። እናቱ ሳራ ቤንደር ከልጁ ጋር አንዲት እራፊ ትታለት ሄደች፤ ከልዩ ልዩ ጨርቅ ተቀጣጥላ የተሰፋች፣ በክር ልብ የተጠለፈባት። ልቡ ግን ሙሉ አልነበረም። ጨርቁ ከመሃሉ በመቀስ ተቆርጧል። ግማሹ ከልጁ ወረቀት ጋር መዝገብ ውስጥ ገባ። በማሳደጊያው ቁጥር 16516 ተብሎ የተመዘገበውን ይህን ልጅ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ጁን 10 ቀን 1775፣ እናቱ መጥታ ወሰደችው።

ማሳደጊያው የተቋቋመው በመርከብ አዛዡ በቶማስ ኮራም ጥረት ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ሕፃናት የተቀበለው በ1741 ነው። እናቶች ስማቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም ነበር፤ ልጁም እንደገባ አዲስ ስም ይወጣለታል። እንግዲህ አንዲት እናት ኑሮዋ ተቃንቶ ልጇን ለማስመለስ ብትመጣ የእሷ መሆኑን በምን ታስረዳለች? ለዚህ መላ ተበጀ። ከልጁ ወይም ከእናትየው ልብስ ላይ ትንሽ ጨርቅ ይቆረጥና በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ በስፒል ይያያዛል። ቅጾቹ ተጠርዘው መጽሐፍ ሆኑ። ዛሬ በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ 5,000 ያህል ቁርጥራጭ ጨርቆች ይገኛሉ፤ አበባ የታተመበት ጥጥ፣ ባለመስመር በፍታ፣ ሪባን፣ የሕፃን እጅጌ ጫፍ። ከ1741 እስከ 1760 ወደ ማሳደጊያው ከገቡት 16,282 ሕፃናት መካከል ወላጆቻቸው መጥተው የወሰዷቸው 152 ብቻ ነበሩ።

አብዛኞቹ ጨርቆች ጠያቂ ሳያገኙ በየገጻቸው ቀሩ። ዘመን አልፎ የታሪክ አጥኚዎች መጡባቸው። የዚያን ጊዜ ነገሥታትና መሳፍንት የለበሱት ሐር በየሙዚየሙ አለ። የልብስ አጣቢዋና የገረዷ ቀሚስ ግን እስኪበጫጨቅ ተለብሶ፣ ተጥፎ፣ በመጨረሻም ለጨርቅ ለቃሚ ተሸጧል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ ከተረፈው የተራ ሰው ጨርቅ ትልቁ ክምችት ከልጆቻቸው የተለዩ እናቶች የተዉት ይህ እራፊ ነው።

ታሪክን ጸሐፌ ትእዛዛትና መሥሪያ ቤቶች እንደሚጽፉት ሁሉ ሌላም ጸሐፊ አለው፤ ወረቀት መጣል የማይሆንለት ሰው። የአውቶቡስ ትኬት፣ የሰርግ ጥሪ፣ የደረቀ አበባ፣ የሕፃን የመጀመሪያ ፀጉር፣ የሟች እናት በእጇ የጻፈችው የበርበሬ አዘገጃጀት፤ እነዚህን ሰብስቦ፣ በገጽ ላይ አሰናድቶ፣ በጎናቸው ጥቂት ቃል ጽፎ፣ ሰፍቶ የሚያስቀምጥ ሰው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስክራፕቡክ ይሉታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከአሮጌ ወረቀት በእጅ የሚሠራው ዓይነት ጀንክ ጆርናል በሚል ስም ገኗል። በዚህ ምዕራፍ የትዝታ ደብተር እንበለው።

የትዝታ ደብተር የፎቶ አልበምም የዕለት ማስታወሻም አይደለም። ፎቶ የሚያሳየው ካሜራው የዞረበትን ነው፤ ሰውም ፎቶ ሲነሳ ይለባብሳል፣ ይቆማል፣ ፊቱን ያስተካክላል። የዕለት ማስታወሻ የጸሐፊውን ሐሳብ ይነግረናል፤ ጸሐፊው ደግሞ የሚያስቀረው ይኖረዋል። ትኬትና ደረሰኝ ግን ለማንም ብለው አልተዘጋጁም። በደርግ ዘመን የነበረ የቀበሌ ሱቅ የራሽን ካርድ ስንት ኪሎ ስኳር ለስንት ቤተሰብ፣ በየትኛው ወር እንደተሰጠ ይናገራል። ካርዱን የያዘው ቤተሰብ ሲያስቀምጠው ታሪክ እያስቀመጠ መሆኑን አላሰበም፤ ዋጋውም ከዚህ ይመነጫል።

የዚህ ልማድ አንዱ ሥር የሚገኘው በጀርመኗ ዊተንበርግ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ማለትም የማርቲን ሉተርና የፊሊፕ ሜላንክቶን ደቀ መዛሙርት፣ ባዶ ደብተር ይዘው መምህሮቻቸውንና ጓደኞቻቸውን ማስፈረም ጀመሩ። ፈራሚው ጥቅስ ይጽፋል፣ የቤተሰቡን አርማ በቀለም ያሳላል፣ ቀንና ቦታ ያኖራል። ተማሪው ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲሄድ ደብተሩ አብሮት ይሄዳል፤ መተዋወቂያም መታሰቢያም ይሆነዋል። ልማዱ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ከተማሪ ወደ ሴቶች እልፍኝ፣ ከእልፍኝ ወደ ትምህርት ቤት ወረደ።

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1970ዎቹ፣ በ80ዎቹ ወይም በ90ዎቹ ዓመተ ምሕረት የጨረሰ ሰው ይህን ደብተር ያውቀዋል፤ ኦቶግራፍ ይባላል። የ12ኛ ክፍል ትምህርት ሊያልቅ ሲል ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ይገዛል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ባለቤቱ ሥርዓቱን ይደነግጋል፤ ገጽ መቅደድ ክልክል ነው፣ ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው። ከዚያ ጥያቄዎቹ ይደረደራሉ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ዘፋኝ፣ ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ፣ ስለ እኔ ምን ትላለህ። ጓደኛው ደብተሩን ቤቱ ወስዶ ያድርበታል። ጉርድ ፎቶውን ይለጥፋል፤ ከአሮጌ ፖስትካርድ ላይ ጽጌረዳ ቆርጦ ያስጌጣል፤ በቀይና በአረንጓዴ እስክርቢቶ ልብ ይስላል። አንዳንዱ የገጹን ጥግ አጥፎ ከውስጥ ምስጢር ይጽፋል።

በእነዚያ ገጾች ላይ ሐኪምና አብራሪ እሆናለሁ ያለው ብዙ ነው። ከዚያ ማትሪክ መጣ፣ ብሔራዊ ውትድርና መጣ፣ ስደት መጣ። ዛሬ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ባሕር ዳር ተበትነው ይገኛሉ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚነግረን ስምና ውጤት ነው። ያ ልጅ የማንን ዘፈን ይወድ እንደነበር፣ በምን ይቀልድ እንደነበር፣ እጅ ጽሑፉ ምን ይመስል እንደነበር የተረፈው በጓደኛው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ከ12ኛ ክፍል በኋላ በሕይወት ያልቆየ ልጅ ከሆነ ደግሞ ያ ገጽ ለእናቱ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ስለ ከተማ ወጣቶች ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ከኦቶግራፍ የተሻለ ምንጭ በቀላሉ አያገኝም፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት በወጉ ሰብስቦ ቢያስቀምጣቸው ትልቅ ሥራ በሠራ ነበር።

በዓለም ላይ እጅግ ከተነበቡት ማስታወሻዎች አንዱ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ደብተር ላይ ነው። አን ፍራንክ ጁን 12 ቀን 1942፣ በ13ኛ ዓመት ልደቷ፣ ያገኘችው ቀይና ነጭ ባለካሬ ልባስ ያለው ደብተር ለጓደኞች ማስጻፊያ የተሠራ ነበር። እሷ የዕለት ውሎዋን ጻፈችበት፤ ፎቶዎቿንም ለጠፈችበት።

ወደ ኋላ እንመለስ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወረቀት ነገር ተለወጠ። ከዚያ በፊት ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ስለነበር ውድ ነበር። ከእንጨት መሥራት ሲቻል ረከሰ፤ ጋዜጣ በየቤቱ ገባ፤ በቀለም የታተሙ ካርዶችና የሸቀጥ ማስታወቂያዎች እንደ ልብ ተገኙ። አሜሪካውያን አንባቢዎች መቀስ አነሱ። የሚለጥፉበት ደብተር ያልነበራቸው ጊዜው ያለፈበትን የመንግሥት ሪፖርት ወይም የሒሳብ መዝገብ አምጥተው በኅትመቱ ላይ ይለጥፉበት ነበር።

ከእነዚህ ቆራጮች አንዱ ደራሲው ማርክ ትዌይን ነው። በጉዞው ሁሉ የትዝታ ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው ነበርና የሙጫው ጣጣ መረረው። ብልቃጡ ይደርቃል፣ ይፈሳል፣ ሲፈለግ ይጠፋል። በ1873 ገጾቹ ላይ አስቀድሞ ሙጫ በመስመር የተቀባበት፣ በውኃ ሲነካ ብቻ የሚይዝ ደብተር ሠርቶ የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። በ1885 አንድ ጋዜጣ ደራሲው ከዚህ ደብተር 50,000 ዶላር ያህል ማግኘቱን ጽፏል። አንዲት ቃል ከሌለበት መጽሐፍ ይህን ያህል ገንዘብ መገኘቱ ልማዱ ምን ያህል ሰፍቶ እንደነበር ይመሰክራል።

ብዙዎቹ ለጨዋታና ለጌጥ ሲሠሩት፣ መቀሱን እንደ ብዕር የያዙም ነበሩ። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው ሱዛን አንተኒ ስለ ትግሉ የተጻፈውን፣ ስድቡንም ጭምር፣ ለዐሥርት ዓመታት እየቆረጠች በ33 ጥራዝ አከማችታለች። ዛሬ የሚገኙት በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ግን ዊሊያም ዶርሲ ነው። በ1837 ፊላዴልፊያ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አባቱ ከሜሪላንድ ባርነት አምልጦ በከተማዋ የታወቀ የድግስ አዘጋጅ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ዶርሲ ሥዕል ይሥላል፤ ዋና ሥራው ግን መሰብሰብ ነበር። ስለ ጥቁሮች የተጻፈ ነገር በየትኛውም ጋዜጣ ካየ ይቆርጣል። የተመረቀ ሐኪም፣ የተከፈተ ሱቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ጠብ፣ የሰርግ ዜና፣ የግፍ ስቅላት ወሬ፣ የሞት ማስታወቂያ፤ ሁሉም በየርእሱ ይለጠፋል። በዚህ ሁኔታ 388 ጥራዝ ሞላ።

በ1923 ሲሞት ጥራዞቹን ዋጋ የሰጣቸው አልነበረም። በ1976 ፊላዴልፊያ አጠገብ በሚገኘው በቼይኒ ኮሌጅ፣ ከጥንታዊዎቹ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ተረስተው ከተቀመጡበት ተገኙ። የታሪክ ምሁሩ ሮጀር ሌን እነሱን ይዞ የከተማዋን ጥቁር ኅብረተሰብ ታሪክ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1991 ወጣ። ነጮች የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ስለ ጥቁሮች የሚጽፈው ባመዛኙ ወንጀልና መሳለቂያ ነበር። ስለ ተመረቀው ሐኪም ያለችው ሁለት መስመር በአንድ እትም ግርጌ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ዶርሲ ያቺን ሁለት መስመር ከሌላ ሁለት መስመር፣ ያንንም ከሌላ ሲያጠጋጋው ጋዜጣው ፈጽሞ ያልጻፈው ነገር ወጣ፤ የተማረ፣ የሠራ፣ የከበረ ሕዝብ ታሪክ። ጋዜጣውን በጋዜጣው ቃል ሞገተው።

ሌላው ሰብሳቢ አሌክሳንደር ጋምቢም በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ይህንኑ አደረገ። በ1920ዎቹ በአምስተኛው ጎዳና ላይ የከፈተው ክፍል የጥቁር ደራስያንና ሠዓሊያን መሰብሰቢያ ነበር፤ በመደርደሪያዎቹ ላይ ያሉት መጻሕፍት ግን በአብዛኛው ራሱ ለጥፎ የሠራቸው ናቸው። በ1931 ሳንባ ነቀርሳ አደከመውና ሆስፒታል ገባ፤ ክፍሉም ተዘጋ። ስብስቡን በ1950 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቁራጭን በመጽሐፍ ውስጥ ማኖር ለኢትዮጵያ ባዕድ ያልነበረ ጥበብ ነው። የጥንት የብራና መጽሐፍ ገበታውን ከፍቶ ያየ ሰው ያስታውሳል። ከዋንዛ ወይም ከወይራ የተጠረበው ገበታ ቆዳ ሲለብስ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መሃሉ ባዶ ይቀራል። ደጓሾቹ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጨርቅ ይለጥፉ ነበር። አንዳንዱ ከሕንድ የመጣ ጥጥ ነው፤ አንዳንዱ ሐር፤ አንዳንዱ ባለወርቅ ክር። በነጋዴ ግመል ወይም በመርከብ መጥቶ የመኳንንት ልብስ የነበረ ጨርቅ ልብስነቱ ሲያበቃ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ልብሶቹ ሁሉ ሲያልቁ ከፀሐይና ከእጅ የተሸሸገው ቁራጭ ቀለሙን እንደያዘ ቆየ። ዛሬ ባለሙያዎች ኢትዮጵያ በየዘመኑ ከማን ጋር ትነግድ እንደነበር ለማወቅ እነዚህን ቁርጥራጮች ያጠናሉ።

ባዶ ገጹም አይባክንም ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው ወንጌል በባዶ ቅጠሎቹ ላይ የገዳሙን ጉዳይ የሚመለከቱ ማስታወሻዎችን ተሸክሟል። በሌሎችም ገዳማት የርስት ስጦታ፣ የውል ቃል፣ የንብረት ዝርዝር በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ መጽሐፉ ቅዱስ ስለሆነ የሚፍቀው የለም። የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ የመሬት ሥርዓትን ያጠኑ ሊቃውንት ትልቁን ማስረጃ ያገኙት ከእነዚህ ጭማሪ ጽሑፎች ነው።

አሰፋፉም ከዛሬዎቹ የትዝታ ደብተር ሠሪዎች ጋር ያገናኘናል። የብራና መጽሐፍ ጥራዞቹ በጅማት ክር እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ ይሰፋሉ፤ ጀርባቸው ላይ ሙጫ የለም፤ ክሩ በገበታው ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ያልፋል። በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድም የቆየ ስፌት ነው። በሙጫ የተያያዘ የዘመኑ መጽሐፍ ሲከፈት ይታገላል፤ በኃይል ሲከፍቱት ጀርባው ይሰነጠቃል። በሰንሰለት ስፌት የተሠራው ግን ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ገጽ ላይ ለሚለጥፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነውና ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም ደብተራቸውን ራሳቸው የሚሰፉ ሰዎች ይህን ስፌት ይማራሉ።

በአሜሪካ ልማዱ ዳግም ያንሰራራው በዩታ ግዛት ነው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የዘር ሐረግና የቤተሰብ ማስታወሻ መያዝን እንደ ሃይማኖታዊ ግዴታ ያዩታል። በ1980 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ በተካሄደ የመዛግብት ጉባኤ ላይ ሜሪለን ክርስቴንሰን የተባለች የቤት እመቤት ሃምሳ የሚሆኑ የቤተሰብ ደብተሮቿን ለሕዝብ አሳየች። በቀጣዩ ዓመት ከባለቤቷ ጋር ሱቅ ከፈተች፤ ከዚያ ኢንዱስትሪ ተወለደ። ዕቃውን በየሰው ቤት በሚደረግ ግብዣ ላይ የሚሸጠው ክሪኤቲቭ ሜሞሪስ የተባለ ኩባንያ በ1987 ተቋቁሞ ገነነ፣ በ2008 እና በ2013 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ደብተሩ እጅግ አማረ፤ ወረቀቱ፣ ሪባኑ፣ ተለጣፊ አበባው ሁሉ ከሱቅ ይገዛል። ገጹ ሲያምር ግን ከቤተሰቡ የወጣው ነገር አነሰ። አንድ ሺህ ሰው የገዛው የታተመ ቢራቢሮ ስለ ማንም አይናገርም። የዛሬው ጀንክ ጆርናል ወደ ድሮው መመለሱ ተገቢ ነው። የፖስታ ጀርባ፣ የሻይ ቅጠል ፓኬት፣ የአሮጌ መጽሐፍ ገጽ፣ የቀሚስ እራፊ፤ ያለው ነገር ይበቃል።

ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ደግሞ ያለው ብዙ ነው። ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሳሉት የአደይ አበባና የመልአክ ሥዕል አለ። የዕድር ደረሰኝ አለ። የካሴት ሽፋን፣ የማትሪክ ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከዓረብ አገር የተላከ ደብዳቤ ከነቴምብሩ አለ። የጭቃ ቤቶች ግድግዳ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በሚለበጥበት ጊዜ ያደገ ሰው ማንበብን የለመደው ከግድግዳ ሊሆን ይችላል። ሀብቱ አለ፤ ያለው ግን በሳምሶናይት ውስጥና በአልጋ ሥር ተበትኖ ነው።

እንዴት ይሠራል? አራት ወይም አምስት ሉክ ወረቀት ለሁለት ታጥፎ አንዱ ከሌላው ውስጥ ሲገባ አንድ ጥራዝ ይሆናል። በእጥፋቱ ላይ ሦስት ወይም አምስት ቀዳዳ በወስፌ ይበሳል፤ በሰም በታሸ ጠንካራ ክር ይሰፋል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነገር አለ። የሚለጠፈው ዕቃ ውፍረት ስላለው ደብተሩ ሲሞላ በስፌቱ በኩል ቀጭን፣ በአፉ በኩል ወፍራም ሆኖ አልዘጋ ይላል። መፍትሔው በየገጹ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የምትሰፋ የወረቀት ጉርድ አብሮ መስፋት ነው፤ ጉርዷ በስፌቱ በኩል ውፍረት ትሰጣለች። ደብዳቤ አይለጠፍም፤ ጀርባው ይጠፋልና። ለእሱ ወረቀት አጥፎ ኪስ መሥራት ይሻላል።

የትዝታ ደብተር ጠላት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱም ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት በውስጡ አሲድ ይዟል፤ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገርም ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል። ጋዜጣ በፀሐይ ላይ በጥቂት ቀን የሚቢጨው ለዚህ ነው። ይባስ ብሎ አሲዱ ወደ ጎረቤቱ ይጋባል። አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የተረሳ የጋዜጣ ቁራጭ በሁለቱም ገጽ ላይ የራሱን ቅርጽ በቡኒ ቀለም አትሞ ይገኛል። ስለዚህ ጋዜጣን ከፎቶ ጋር ማነካካት አይገባም። ለመሠረቱ ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት የሚገኝ ከሆነ ይመረጣል፤ ካልተገኘ በጋዜጣውና በፎቶው መካከል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ማስገባት ጉዳቱን ያዘገያል።

ፕላስተር ፈጽሞ አይነካ። ግልጽ የሚያጣብቅ ፕላስተር በመጀመሪያ ይይዛል፤ በኋላ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ይቢጫል፣ ፕላስቲኩ ይረግፋል፤ እድፉን ማስለቀቅ ለባለሙያም ከባድ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ ቤት የገባው ባለተጣባቂ ገጽ የፎቶ አልበም፣ ያ ፕላስቲኩ ተገልጦ ፎቶው የሚቀመጥበት፣ እንዲሁ አደገኛ ነው። ፎቶው ከሙጫው ጋር ተዋሕዶ ሲነሳ ይቀደዳል። ፎቶ በማዕዘን መያዣ ብቻ መያዝ አለበት፤ ከወረቀት ታጥፎ በቤት ሊሠራ ይችላል። ለወረቀት ሙጫ ደግሞ የድሮው የስታርች ማጣበቂያ አሁንም በዓለም ታላላቅ ቤተ መዛግብት ውስጥ የሚሠራበት ነው፤ በውኃ ስለሚለቅ የተሳሳተ ነገር ይታረማል። ስታርቹ ግን የተጣራ ይሁን፤ ተራ የዱቄት ማጣበቂያ ብል ይጠራል።

አንድ አዲስ አደጋም መጥቷል። የሱቅ፣ የባንክና የነዳጅ ማደያ ማሽን የሚያወጣው ደረሰኝ ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ በሙቀት የሚጠቁር ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጽሑፉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይቀራል። የመጀመሪያ ደሞዝ የወጣበት የኤቲኤም ወረቀት ለትዝታ የሚቀመጥ ከሆነ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ይደረግ።

አበባ ለሚያስቀምጡ ደግሞ ገጣሚዋ ኤሚሊ ዲክንሰን አብነት ናት። በልጅነቷ የሠራችው የደረቁ ዕፅዋት ደብተር 424 ዕፅዋት በ66 ገጽ ላይ ይዞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በመስከረም የተቀጠፈ አደይም ሁለት ሦስት ሳምንት በመጣጭ ወረቀት መካከል ከከባድ መጽሐፍ ሥር ቢቆይ እርጥበቱ ይወጣል። ሳይደርቅ የተለጠፈ አበባ ሻጋታ አምጥቶ ገጹን ሁሉ ያበላሻል።

ይህ ሥራ ጌጥነቱ ቀርቶ አስፈላጊ የሚሆንባቸው ልጆች አሉ። በእንግሊዝ በጉዲፈቻ ለሚሰጥ ልጅ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ማዘጋጀት የማኅበራዊ ሠራተኞች መደበኛ ተግባር ነው። የት እንደተወለደ፣ ማን እንደወለደው፣ ለምን እንደተለየ የሚነግሩ ወረቀቶችና ፎቶዎች ልጁ በሚገባው ቋንቋ ይሰናዱለታል። ኢትዮጵያ ሕፃናትን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠትን እ.ኤ.አ. በ2018 እስክትከለክል ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካ፣ ስፔን፣ ጣሊያንና ፈረንሳይ ሄደዋል። ብዙዎቹ ዛሬ ወጣቶች ናቸው፤ የሚፈልጉትም ትልቅ ነገር አይደለም። የመንደሩን ስም የያዘ ወረቀት፣ የእናት የነጠላ ጥለት፣ አንድ ፎቶ። ዘመድ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የቀረ ካለ ከሣጥን ወጥቶ ሊቀመጥላቸው ይገባል።

የትዝታ ደብተር ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ጽሑፍ ነው። ትኬቱ አለ፣ ማን እንደተሳፈረበት አልተጻፈም። በየሳሎኑ ባለው አልበም ውስጥ ከሰርጉ ሚዜዎች የአንዱን ስም የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ደብተር ለመስፋት ጊዜ ባያገኝ እንኳ በሚቀጥለው እሑድ እናቱን ወይም አያቱን አጠገቡ አስቀምጦ አልበሙን ይግለጥ፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር፣ በፎቶው ላይ ሳይሆን በገጹ ላይ፣ ስም፣ ቦታና ዓመት በእርሳስ ይጻፍ። እርሳስ አይደበዝዝም፣ በውኃም አይለቅም፤ በየሱቁም ይገኛል።